ከባዱን የሸክላ ግሪል ሳትሰብሩ ማንቀሳቀስ፣ ከነቃም መጠገን

ባለፈው ዓመት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያ ቤት ስንቀይር እንቅልፍ የነሳኝ ሶፋው ወይም ፍሪጁ አልነበረም። ጓሮ የቆመው የሸክላ ግሪል ነው። ምክንያቱም ከዚያ በፊት አንዴ ጥዬዋለሁ። ዴኩ ላይ ሦስት ሜትር ብቻ ፈቀቅ ላደርገው ብዬ ክዳኑን ይዤ ስገፋው፣ የፊት ጎማው ሳንቃና ሳንቃ መሃል ገባና እንዳለ ወደፊት ተደፋ። ክዳኑ ተከፍቶ ወለሉን መታ። ከጠርዙ መዳፍ የሚያህል ገል ተነሳለት፣ ውስጡ ያለው የፍም ማስቀመጫ ደግሞ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ልጄ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማ ነበር። ያንን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው የምጽፈው። ጓሮ ያለው ቤት ያገኘን ሰዎች ለፋሲካ የበግ ጎድን፣ ለልደት ዶሮ እንጠብስበታለን ብለን የገዛነው ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ግን ከዋጋው በላይ የሚያሳስበኝ የሰው ጣት፣ ወገብና እግር ነው። እባካችሁ ቢያንስ ስለ ማንሳት የጻፍኩትን ሳታነቡ አትንኩት።

ምን ዓይነት ዕቃ ነው

ካማዶ የሚባለው ይህ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ግሪል ዘሩ ከጃፓን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው ይዘውት መጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ አትላንታ ውስጥ ቢግ ግሪን ኤግ የሚባለው የዚህ ግሪል አምራች ተመሠረተ። ዛሬ ካማዶ ጆ የሚባለውን ጨምሮ ብዙ ዓይነት አለ። ስሙ ሴራሚክ ይባል እንጂ እኛ በምናውቀው ቋንቋ ወፍራም ሸክላ ነው። እሳት ይችላል፣ ክብደት ይችላል። መመታትንና ድንገተኛ የሙቀት ለውጥን ግን አይችልም። ምጣድ ቤት ያደገ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል።

ክብደቱን እንነጋገር። የቢግ ግሪን ኤግ ላርጅ የሚባለው 162 ፓውንድ ነው፣ 73 ኪሎ ገደማ። ኤክስ ላርጁ 219 ፓውንድ ይመዝናል፣ ያም ማለት አንድ ኩንታል ጤፍ ሊያህል ምንም አልቀረው። ልዩነቱ፣ ኩንታል ጤፍ ትከሻ ላይ ይተኛል። ይህ ግን ክብ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ለማንሳት የሚሆን መያዣ የለውም፣ ላይ ላዩ ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ ትንሽ ካዘነበለ በእጅ መመለስ አይቻልም።

ስለ ክፍሎቹ ስንነጋገር እንድንግባባ ስም ልስጣቸው። ታች ያለው ትልቁ ሸክላ ገላው ነው። ላይ ክዳኑ አለ። ገላው ውስጥ የፍም ማስቀመጫው ይቀመጣል፣ በሱ ላይ የእሳት ቀለበቱ ይደረባል፣ ከዚያ ሥጋው የሚያርፍበት የብረት ፍርግርግ። ገላውንና ክዳኑን የሚያስሩት ሁለት የብረት መቀነቶች ናቸው፣ ከኋላ በማጠፊያና በሞላ ይያያዛሉ። ታች የአየር በር፣ አናት ላይ የጭስ ቆብ። በቃ ይኸው ነው።

ከማንሳታችሁ በፊት

ከመጓዙ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን እሳት አይነካው። ሸክላው ሙቀት ለረጅም ሰዓት ይይዛል፣ አመዱ ውስጥ ደግሞ የጠፋ የመሰለ ፍም ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አውጡት፣ ባልዲውንም ከቤትና ከዴክ አርቃችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት። ካርቶን ወይም የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አመድ አይጨመርም፣ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዟል ብላችሁ ብትምሉም እንኳ። ቶሎ እንዲበርድ ብላችሁ ውኃ ማፍሰስም አይሆንም። የጋለ ሸክላና ቀዝቃዛ ውኃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ምጣድ የሰበረ ሁሉ ያውቃል።

ዝናብ ስለመጣ ወይም ስለመሸ ብላችሁ ፍም ያለበትን ግሪል ጋራዥ አታስገቡት። ጭስ ባይታይም ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። አገር ቤት በር ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው ስለቀሩ ሰዎች ያልሰማን የለንም። ጋራዥም ያው ክፍል ነው፣ በሩን ከፍተነዋል ማለት በቂ አይደለም።

ሲበርድ በስልካችሁ ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱት። በተለይ ከኋላ ያለውን ማጠፊያና ሞላውን። መልሳችሁ ስትገጥሙ ይህች ፎቶ ሰዓታት ትቆጥብላችኋለች።

ከዚያ ማራገፍ። ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው፦ የጭስ ቆቡ፣ ፍርግርጉ፣ የሙቀት መከለያ ሸክላው ካላችሁ እሱ፣ የእሳት ቀለበቱ፣ ከታች ያለው የአመድ ወንፊት፣ በመጨረሻ የፍም ማስቀመጫው። የፍም ማስቀመጫውን በአንድ እጅ ጠርዙን ይዛችሁ አትጎትቱት፣ የነቃ ከሆነ እጃችሁ ላይ ይከፈላል። ሁለት እጅ አስገብታችሁ ከሥሩ ደግፋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። እያንዳንዱን ሸክላ ለየብቻው በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ሸክላ ከሸክላ ጋር እንዳይነካካ። ዳዶና ቡሎን አንድ ከረጢት ውስጥ ይግባ፣ ከረጢቱም እዚያው ግሪሉ መያዣ ላይ ይታሰር። የጎን መደርደሪያዎቹንም ፍቱ፣ በር ላይ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው። ይህን ሁሉ ስታወጡ የሚቀረው ሸክም በግልጽ ይቀላል፣ ልዩነቱን ወገባችሁ ይነግራችኋል።

ክዳኑን ማውጣት ያስፈልጋል ወይ? ሁለት ሰው ገላውንና ክዳኑን አንድ ላይ ማንሳት ከቻለ አያስፈልግም ባይ ነኝ። አደጋው ሞላው ላይ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ሞላው ይወጠራል፣ ያን ከባድ ክዳን በአንድ እጅ የምታነሱትም በሱ ጉልበት ነው። ክዳኑ እንደተዘጋ መቀነቱን ፈታችሁ ክዳኑን ካወጣችሁት፣ ሸክሙ የቀለለት ሞላ ባዶውን የብረት መቀነት በሙሉ ኃይሉ ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። አገጭና ጥርስ ያለው እዚያ ከፍታ ላይ ነው። የግድ ከሆነባችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ሞዴል መመሪያ አንብቡ፣ አንዳንዱ ሞላውን የሚቆልፍ ሚስማር አለው። ከዚያ አንዱ ሰው ዳዶውን ይፈታል፣ ሌላው በሁለት እጁ መቀነቱን ወደ ታች ተጭኖ ይይዝና ቀስ እያለ ወደ ላይ ይለቀዋል። ማንም ሰው ፊቱን ከበላዩ አያድርግ። ሞላው ሙሉ በሙሉ ከረገበ በኋላ ነው ክዳኑ በሁለት ሰው የሚነሳው።

ክዳኑ ሳይወጣ የሚሄድ ከሆነ በገላውና በክዳኑ ጠርዝ መሃል ቀጭን ካርቶን አስገቡ። ከዚያ ክዳኑ እንዳይከፈት በማሰሪያ ቀበቶ ዙሪያውን እሰሩት። የኔ ክዳን የተጎዳው ግሪሉ ስለወደቀ ብቻ አይደለም፣ ሲወድቅ ስለተከፈተ ነው። ታስሮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በጭረት ያልፍ ነበር።

ማንሳትና መግፋት

መጀመሪያ መግፋት የሚለውን ቃል እንርሳው። ጎማ ባለው ማቆሚያ ላይ ያለ ግሪል አይገፋም፣ ይጎተታል። ከኋላ ቆማችሁ የታችኛውን የማጠፊያ ብረት ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ በቀስታ ትስቡታላችሁ። እጃችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ስለያዘ ጎማው ስንጥቅ ቢያገኝ ይቆማል እንጂ አይገለበጥም። ከላይ ክዳኑን ወይም መያዣውን ይዞ መግፋት ግን እንደ ረጅም ማንሻ ነው፣ ጎማው በቆመበት ቅጽበት ላዩ ይቀጥላል። ይህ ለጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው። ሣር፣ ጠጠር ወይም ክፍተት ያለው ሳንቃ ከሆነ ወፍራም ኮምፖንሳቶ አንጥፉና በላዩ ሳቡት። ስትጨርሱ ጎማዎቹን ቆልፉ።

ከማቆሚያው ለማንሳት ሁለት ጠንካራ ሰው የግድ ነው። ለኤክስ ላርጁ ሦስት። ጫማ ሽፍን ይሁን፣ ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ረዳት ካለ ወደ ቤት መልሱት። ጓንቱ ጎማ የተቀባ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሸክላው ያንሸራትታል። ልጆችና ውሻ ቤት ይግቡ፣ በሩም ይዘጋ። አንዱ ከፊት የአየር በሩን ቀዳዳ ይይዛል፣ የብረት በሩ ቀድሞ ይውጣለት። ሌላው ከኋላ ገላውን ከሥሩ ያቅፋል። አንዳንድ አምራቾች ከኋላ የታችኛውን የማጠፊያ ብረት መያዝ ይፈቅዳሉ። የጎን መደርደሪያ ማንጠልጠያዎቹ፣ የክዳኑ መያዣ፣ የላይኛው መቀነት ግን ለማንሳት አልተሠሩም። ጉልበት ታጥፎ፣ ወገብ ቀጥ ብሎ፣ አንድ ሰው ብቻ ይቁጠር። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ሲል ይነሳል። "ልልቀቀው" ያለ ሰው ካለ ሁለታችሁም ታወርዳላችሁ፣ ክርክር የለም።

ደረጃ ካለ በእጅ አትሞክሩት። ቋሚ ዶሊ፣ ማለትም ባለ ሁለት ጎማ የዕቃ ማጓጓዣ፣ ተከራዩ። ገላውን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ጀርባውን ወደ ዶሊው አስደግፉና ሁለት ቦታ እሰሩት፣ አንድ ሆዱ ላይ፣ አንድ ከበላዩ። ስትወርዱ ዶሊውን የያዘው ከላይ ሆኖ ወደ ኋላ አዘንብሎ አንድ አንድ ደረጃ ያወርደዋል፣ ሁለተኛው ከታች በጎን በኩል ሆኖ ይደግፋል። በጎን በኩል ያልኩት አስቤበት ነው። ቀጥታ ከሥሩ የቆመ ሰው ቢያመልጥ መሸሻ የለውም። ዕቃው ቢወድቅ ይውደቅ። ለማዳን እጃችሁን ወይም እግራችሁን አታስገቡ።

መኪና ላይ

ቆሞ ነው የሚሄደው። ጎኑን አይተኛም። እኔን በጣም የረዳኝ ዘዴ አሮጌ የመኪና ጎማ ነው። ጎማውን ጭነቱ ወለል ላይ አስተኝታችሁ ገላውን መሃሉ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ልክ ማሰሮ ማቶት ላይ እንደሚቀመጠው። አይንከባለልም፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭም ጎማው ይውጠዋል። የጭነት መኪና ከሆነ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ይደገፍ፣ ሆዱ ዙሪያ በሁለት ቀበቶ ግራና ቀኝ ይወጠር። ቀበቶው ጥብቅ ይሁን እንጂ ሸክላውን የሚጨፈልቅ አይሁን፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ ይኑር። በላዩ ምንም ነገር አይደረብበት። የወጡትን ቁርጥራጮች ገላው ውስጥ መልሳችሁ አታስገቡ፣ እርስ በርስ ሲጋጩ ይሰባበራሉ። እኔ የፍም ማስቀመጫውን ከኋላ ወንበር ላይ አድርጌ በመቀመጫ ቀበቶ አስሬው ነው የሄድኩት።

አዲሱ ቦታ ላይ

ቦታው ሲመረጥ እሳት እንደሆነ አይዘንጋ። ግሪሉን እንጨት ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው። ታችኛው ሸክላ ይግላል፣ በአየር በሩም ፍንጣሪ ይወጣል። ከሥሩ የሸክላ እግሮች ወይም ለሱ የተሠራ ብረት፣ ከዚያ በታች የሲሚንቶ ንጣፍ ያስፈልጋል። አየር የሚያልፍበት ክፍተት መኖር አለበት። አፓርታማ የምትኖሩ ደግሞ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በአሜሪካ ብዙ ቦታ የሚሠራበት የእሳት አደጋ ደንብ ከሰል ግሪልን የሚቃጠል በረንዳ ላይና ከሚቃጠል ግንባታ 10 ጫማ (3 ሜትር ገደማ) ባነሰ ርቀት ይከለክላል። ለግል ቤት ደንቡ ላላ ቢልም እኔ ርቀቱን እጠብቃለሁ።

ንቃቱን ማየት

አሁን ወደ ጥገናው። ተፈርቶ የሚጣል ብዙ ግሪል አለ፣ መጣል ያለበት ሲጠገን ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ መለየት ይቅደም።

የባለቤቴ እናት፣ እማዬ እያልን ነው የምንጠራቸው፣ የኔ ግሪል በወደቀ ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ቁርጥራጮቹን ዴኩ ላይ ደርድሬ ሳይ መጡና አንድ በአንድ በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ እያደረጉ አዳመጡ። "ይሄ ደህና ነው። ይሄ ነቅቷል ልጄ፣ አትመነው" አሉኝ። ገበያ ላይ ጀበናና ምጣድ ሲመርጡ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ደህና ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የነቃው ድምፁ የታፈነ ነው። በዓይን ያልታየኝን ስንጥቅ በጆሯቸው አገኙት። እናንተም ቁራጩን ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ለውጥ የሰማችሁበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

በውጭ በኩል የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን መስመር ካያችሁ ያ የላይኛው ብርጭቆ መሳይ ቅብ ነው። ሸክላው ራሱ አልነቃም፣ ተዉት። የፍም ማስቀመጫው ላይ ያለ ስንጥቅም በአብዛኛው አያስደነግጥም። እሳቱ በቀጥታ የሚነካው እሱ ነው፣ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ካማዶ ጆ በአዳዲሶቹ ሞዴሎቹ የፍም ማስቀመጫውን ከመጀመሪያው ስድስት ቁራጭ አድርጎ የሚሠራው ለዚሁ ነው። ቁራጮቹ ቦታቸውን ይዘው እስከቆሙ ድረስ የተሰነጠቀ የፍም ማስቀመጫ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል።

ገላው ላይ ከውስጥ እስከ ውጭ ያለፈ ንቃት ሌላ ጉዳይ ነው። ሙሉ ሸክሙንና እሳቱን የያዘው እሱ ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ክዳን በጋለበት ሰዓት ከፊታችሁ ፊት ይነሳል፣ ይወርዳል። የተጣበቀ ክዳን ተላቆ ቢወርድ የሚወርደው እጅ ላይ ነው። እኔ ክዳን አይጣበቅም ብዬ ነው የማምነው። የኔን ጠርዙ የተነሳውን ክዳን በአዲስ ቀየርኩት፣ ዋጋው ቢያመኝም።

ከመጠገናችሁ በፊት ዋስትናውን እዩ። ብዙ አምራቾች ለሸክላው ክፍል ረጅም ዋስትና ይሰጣሉ፣ ግን ለመጀመሪያው ገዢ ነው፣ ደረሰኝ ወይም ምዝገባ ይጠይቃሉ። በመውደቅ የመጣ ስብራት አብዛኛውን ጊዜ አይካተትም። በእሳት የነቃ ከሆነ ግን ዕድል አላችሁ። ሲሚንቶ ከቀባችሁበት በኋላ መጠየቅ ስለሚከብድ ፎቶውን ቀድማችሁ ላኩ።

የፍም ማስቀመጫውን ማጣበቅ

የሚያስፈልገው ለምድጃ የሚሠራ፣ እሳት የሚችል ሲሚንቶ ነው። ቆርቆሮው ላይ 2,000 ዲግሪ ፋራናይት (1,093 ሴልሺየስ) ወይም ከዚያ በላይ የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ የጭስ ማውጫ ዕቃ ካለበት አካባቢ ይገኛል። ኢፖክሲ፣ ሱፐር ግሉ፣ ሲሊኮን አይሆኑም። ይቀልጣሉ ወይም ይቃጠላሉ፣ ጭሳቸውም ወደ ሥጋው ይገባል። ተራ የቤት ሲሚንቶም በዚያ ሙቀት ይፈራርሳል።

ቁራጮቹን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፣ ስብና ጥላሸት ያለበት ጠርዝ አይይዝም። መፈግፈግ ካስፈለገ አርጥባችሁ ፈግፍጉ፣ ማስክም አድርጉ። የሸክላ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው። ከዚያ ያለ ሲሚንቶ አንዴ ገጣጥማችሁ እዩ። የትኛው ቀድሞ፣ የትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ ቁጥር ጻፉበት፣ እጃችሁ በሲሚንቶ ከተጨማለቀ በኋላ ማሰብ ይከብዳል።

አሁን ጠርዞቹን በእርጥብ ስፖንጅ አረጥቡ። የሚንጠባጠብ ሳይሆን ወዛም ብቻ። ደረቅ ሸክላ የሲሚንቶውን ውኃ ወዲያው ይጠጣውና ሳይያያዝ ይደርቃል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ይህ ሲሚንቶ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። በሁለቱም ጠርዝ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ብዙ ማድረግ ጥንካሬ አይጨምርም፣ ወፍራም ሲሚንቶ ራሱ ይሰነጠቃል። ግጠሙት፣ ትንሽ ወዲያና ወዲህ አሹት፣ በማሰሪያ ቀበቶ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ወጥሩት። ትርፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ጥላ ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ይደር። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ጊዜ ከዚህ ከበለጠ እሱን ተከተሉ።

ሲደርቅ ቀበቶውን ፍቱና በውጭ በኩል የማይዝግ የብረት ሽቦ ሁለት ቦታ አዙራችሁ በፒንሳ ጠምዝዙት። ሲሚንቶው አንድ ቀን ቢከዳ ሽቦው ይይዘዋል። ዚንክ የተቀባውን የአጥር ሽቦ አትጠቀሙ፣ በከፍተኛ ሙቀት መርዛም ጭስ ያወጣል።

ገላውም በንጹህ ከሁለት ወይም ሦስት ቦታ ከተከፈለ በዚሁ መንገድ ይያያዛል፣ ግን በሽቦ ፈንታ ሰፊ የማይዝግ የብረት መቀነት ያስፈልገዋል። ከተጠገነም በኋላ ከቦታው አይነቃነቅ። ብዙ ቦታ የደቀቀ ገላ ግን አፈር ሙሉበትና አበባ ትከሉበት።

መቀነቱ፣ ማሸጊያው፣ ቴርሞሜትሩ

ሲግልና ሲበርድ የመቀነቱ ዳዶዎች እየላሉ ይሄዳሉ። ክዳን ከመቀነቱ ሾልኮ የሚወድቀው በዚህ ነው። በየወቅቱ አንዴ፣ ግሪሉ በርዶ ሳለ፣ ክዳኑ ከገላው ጋር ልክ መግጠሙን አይታችሁ በቡሎን ቁልፍ አጥብቁ። ግራና ቀኙን እያፈራረቃችሁ፣ በጥቂት በጥቂቱ። የዛገ ዳዶ ካለ ዝገት ፈቺ ዘይት ነክታችሁ አሳድሩት፣ በጉልበት አትጠምዝዙት።

ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ማሸጊያ ጨርቅ (ጋስኬት) ከተቃጠለ ጭስ በጎን ይወጣል፣ እሳቱንም መቆጣጠር ያቅታል። አሮጌውን በመፋቂያ አንሱ፣ የቀረውን ሙጫ በአሴቶን አጽዱ። አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ስለዚህ ውጭ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ፣ እስኪተን ጠብቁ። አዲሱን ስትለጥፉ አትለጥጡት። ተለጥጦ የተለጠፈ ማሸጊያ ሲግል ይሰበሰብና ክፍተት ይተዋል። ክዳኑን ዘግታችሁ አሳድሩት።

ከዚያ ፈተናው። አንድ ዶላር ጠርዙ ላይ አስቀምጡ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ሳቡት። ያዝ ማድረግ አለበት። ዙሪያውን በሙሉ እንዲህ ሞክሩ። በቀላሉ የሚወጣበት ቦታ ካለ ክዳኑ ዘምሟል ማለት ነው፣ የላይኛውን መቀነት ጥቂት አላልታችሁ ክዳኑን አስተካክሉና መልሳችሁ አጥብቁ። ስታላሉ ረዳት ክዳኑን ይያዝ፣ ሞላውን አትርሱ።

ቴርሞሜትሩ በጉዞ ከተናወጠ ጫፉን የሚፈላ ውኃ ውስጥ ክተቱት። ቨርጂኒያ ውስጥ 212 ፋራናይት ማንበብ አለበት። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትሞክሩ ከሆነ ግን ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውኃው 92 ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳታስተካክሉት። በእርግጥ ከተዛባ ግን ከኋላው ያለውን ዳዶ በማዞር ይስተካከላል።

ማሟሸት

አዲስ ምጣድ ገዝቶ ያን ዕለት እንጀራ የሚጋግርበት የለም። ይሟሻል። የተጠገነ ግሪልም እንዲሁ ነው፣ ሲሚንቶው ውስጥ የቀረው እርጥበት ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። ቶሎ ካጋላችሁት እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ጥገናውን ይፈነቅለዋል።

የመጀመሪያው ቀን ጥቂት ከሰል ብቻ አድርጋችሁ 200 ፋራናይት (93 ሴልሺየስ) አካባቢ ሁለት ሰዓት ያህል አቆዩት። ይብረድ። በማግስቱ 300 (150 ሴልሺየስ)፣ እንደገና ይብረድ። በሦስተኛው ቀን 400 (204 ሴልሺየስ)። እሳቱን የምትቆጣጠሩት በታችኛው በርና በላይኛው ቆብ ነው፣ ማቀጣጠያ ፈሳሽ አያስፈልግም። አዲስ ማሸጊያ ከለጠፋችሁም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ከዚህ በላይ አትውጡ። በክረምት ዝናብ ወይም በረዶ ውስጥ የከረመ ግሪልም እንደዚሁ በዝግታ ይሙቅ፣ ሸክላው የጠጣው ውኃ ሲቀዘቅዝም ሲፈላም ያነቃዋል።

እሳት እያለ ክዳኑን ስትከፍቱ በአንዴ አታንሱት። መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጥቂት ሰኮንድ ጠብቁ። የታፈነ እሳት ድንገት አየር ሲያገኝ ነበልባሉ ወደ ሰው ይወረወራል፣ ቅንድብ የተቃጠለበት ሰው አውቃለሁ።

የኔን በአራተኛው ቀን ዶሮ ጠብሼበታለሁ። ሲበርድ አመዱን ጠርጌ የፍም ማስቀመጫውን በባትሪ አየሁት። ከሦስቱ መጋጠሚያዎች ሁለቱ ድፍን ናቸው፣ ሦስተኛው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ወጥታለች። ጫፏ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌባታለሁ። አመድ በጠረግኩ ቁጥር አያታለሁ፣ ኳ ኳ አድርጌም አዳምጣለሁ። እስካሁን ምልክቱን አላለፈችም።